ለጀማሪ የትኛው ቅጠል ሻይ ይሻላል? ከግዢ እስከ አፈላል

ቲ ባግ የሰለቸው ሰው ወደ ቅጠል ሻይ ሲዞር መጀመሪያ የሚቀበለው የስም ጋጋታ ነው። ሴንቻ፣ ዳርጂሊንግ፣ ኡሎንግ፣ ፑኤር፣ ኦሬንጅ ፔኮ። አንዱ የቦታ ስም ነው፣ አንዱ የአሠራር፣ አንዱ ደግሞ የቅጠል መጠን። ፓኬቱ ሁሉ «ምርጥ» ተብሎ ተጽፎበታል። ዋጋው ግን የሰማይና የምድር ያህል ይራራቃል።

እዚህ የማንም ድርጅት ሻይ አይሞገስም። መጀመሪያ መመዘኛ እናወጣለን፣ ከዚያ እያንዳንዱን ዓይነት በዚያው እንመዝናለን። አቋሜን ግን ከወዲሁ ልናገር፦ ጀማሪ ከሻዩ ዝና በፊት የራሱን አጠጣጥ ይመልከት። ቅጠል ሻይ ሞክሮ «አልወደድኩትም» የሚለው ሰው አብዛኛውን ጊዜ ለእሱ የማይሆነውን ገዝቷል፣ ወይም በማይሆን ውሃ አፍልቶታል።

## በምን እንመዝነው?

የመጀመሪያው ጥያቄ በምን ትጠጡታላችሁ የሚለው ነው። ወተትና ስኳር የሚችል ሻይ ሌላ ነው፣ ብቻውን የሚጠጣ ደግሞ ሌላ። ለስላሳ ነጭ ሻይ በውድ ገዝቶ ወተት ማፍሰስ ገንዘብ መጣል ነው፤ ወተቱ ጠራርጎ ይውጠዋል።

ሁለተኛው፣ ስህተት ይችላል ወይ? አንዳንዱ ቅጠል ስልክ ስታወሩ ረስታችሁት ብትመለሱም ይጠጣል። ሌላው ውሃው ትንሽ ከጋለበት ወይም አንድ ደቂቃ ካለፈው አፍ አያስገባም። ለጀማሪ ይሄ ከጣዕም እኩል ይታያል።

ሦስተኛው ዋጋ ነው። ግን የፓኬቱን ትታችሁ የኩባያውን አስሉ። ለ200 ሚሊ ሊትር ኩባያ ከ2 እስከ 3 ግራም ቅጠል ይበቃል። ስለዚህ 50 ግራም ወደ 20 ኩባያ ያወጣል። ጥሩ ቅጠል ደግሞ ሁለተኛና ሦስተኛ ውሃ ይቀበላል። ሦስት ጊዜ የሚዘፈዘፍ ከሆነ ያው 50 ግራም 60 ኩባያ ሆነ ማለት ነው። ሁለት እጥፍ ዋጋ ያለው ኡሎንግ በኩባያ ሲሰላ ከርካሹ ሻይ የሚረክስበት ጊዜ አለ።

ከዚያ የመቆያ ጊዜ አለ፤ በሳምንት አንዴ ብቻ ሻይ የሚጠጣ ሰው ቶሎ የሚያረጅ ቅጠል ባይገዛ ይሻለዋል። በመጨረሻም ዕቃ። አንዳንዱ ሻይ ተራ ኩባያና ማጥለያ ይበቃዋል፣ ሌላው ትንሽ በራድና የውሃ ሙቀት መቆጣጠር ይፈልጋል።

ካፌይንን መመዘኛ ያላደረግኩት ሆን ብዬ ነው። «ነጭ ሻይ ካፌይን የለውም፣ ጥቁር ግን አለው» የሚለው ወሬ ልክ አይደለም። ነጭ ሻይ የሚሠራበት ለጋ እምቡጥ እንዲያውም ካፌይን ይበዛበታል። የመጠጡን ቀለም አይቶ መገመት አይቻልም።

## አንድ ተክል፣ ብዙ ሻይ

ጥቁር፣ አረንጓዴ፣ ኡሎንግ፣ ነጭ፣ ፑኤር፣ ሁሉም የሚመጡት ካሜሊያ ሲነንሲስ ከሚባል አንድ ተክል ነው። የሚለያያቸው ከተቀጠፉ በኋላ የሚደርስባቸው ነገር ነው። ቅጠሉ ጠውልጎ፣ ታሽቶ፣ አየር ሲያገኘው የተቆረጠ ፖም እንደሚጠቁረው ይጠቁራል። ይሄ ኦክሲዴሽን ይባላል። አረንጓዴ ሻይ ወዲያው በሙቀት ይመታና ለውጡ ይቆማል። ጥቁሩ እስከ መጨረሻው ይለቀቃል። ኡሎንግ መሃል መንገድ ላይ ይቆማል። ነጭ ሻይ ሳይታሽ ጠውልጎ ይደርቃል። ፑኤር ደግሞ ከተሠራ በኋላ በረቂቅ ተሕዋስያን እየተለወጠ ይበስላል።

ካሞሚል፣ ሂቢስከስ፣ ሮይቦስ የሌላ ተክል ውጤቶች ስለሆኑ በዚህ ንጽጽር አልገቡም።

## ጥቁር ሻይ፦ ቀላሉ መግቢያ

ጥቁር ሻይ ስንል ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው፤ ሳትለዩ አትግዙ።

አንደኛው ሲቲሲ ይባላል። ቅጠሉ በጥርሳም የብረት ሲሊንደሮች መሃል እያለፈ ይደቅቃል፣ ይቀደዳል፣ ይጠቀለላል። የሚወጣው ድቡልቡል ጥቃቅን ፍሬ ነው። ዘዴው በ1930ዎቹ በሕንድ አሳም የተጀመረ ሲሆን፣ ዛሬ አብዛኛው የኬንያ ሻይ የሚሠራው በዚሁ ነው። ቶሎ ይጠቁራል፣ ጠንካራ ነው፣ ወተትና ስኳር በደንብ ይችላል፣ ዋጋውም ይቀላል። ድክመቱ አንድ ውሃ ብቻ መስጠቱ ነው፤ ለሁለተኛው የሚተርፍ ጣዕም የለውም። ወተት የማይጨምር ሰው ደግሞ አፍ ያደርቅበታል።

ሁለተኛው ቅጠሉ ሳይደቅ እየታሸ የሚሠራው ነው። የቦታ ልዩነት በጣዕም የሚታየው እዚህ ነው። የአሳም ቅጠል ወፍራምና የብቅል ጠረን ያለው ነው፤ ወተት የሚወድ ሰው ከሲቲሲ ከፍ ልበል ሲል ወደዚህ ይምጣ። የስሪላንካ ሻይ እንደ ከፍታው ይለያያል፤ ከፍ ካለው ከኑዋራ ኤልያ የሚመጣው ቀለል ያለና ንቁ ነው። የቻይናው ኪመን የደረቀ ፍራፍሬና ትንሽ ጭስ ጭስ የሚል ጠረን አለው። የሌላዋ የቻይና ግዛት የዩናን ጥቁር ሻይ ደግሞ ወርቃማ እምቡጦች ይታዩበታል። ማር የሚመስል ጣዕም አለው፣ አፍም ብዙ አያደርቅም።

የሕንዱ ዳርጂሊንግ ለብቻው ይታይ። በጸደይ መጀመሪያ የሚቀጠፈው «ፈርስት ፍላሽ» ጥቁር ሻይ ተብሎ ይሸጣል እንጂ መጠጡ ፈዛዛ ወርቃማ ነው፣ ጠረኑም የአበባ። የሚያምር ሻይ ነው። ግን «ጥቁር ሻይ» ሲባል ድፍን ቀለም የሚጠብቅ ሰው ተታለልኩ ይላል። የግንቦትና የሰኔው «ሰከንድ ፍላሽ» ይወፍራል፣ ለጀማሪም ይቀርባል።

ፓኬት ላይ የሚደረደሩትን ፊደላትና ማዕረጎች ብዙ አትፍሯቸው። ኦሬንጅ ፔኮ ብርቱካን የለበትም፤ የቅጠል ደረጃ ስም ነው። «ብሮክን» ካለ ተሰባብሯል፣ «ፋኒንግስ» ካለ ከዚያም ያነሰ ነው፣ «ደስት» ካለ ብናኝ ነው። ቅጠሉ በደቀቀ ቁጥር ቶሎና ጠንከር ብሎ ይወጣል፣ ቶሎም ያልቃል። ደረጃው የሚናገረው ስለ መጠንና ስለ ሙሉነት ነው። ጣዕሙን ቀምሳችሁ ካልሆነ አታውቁትም።

ወተት ለማይጨምር ጀማሪ አንድ ብቻ ምረጥ ብባል የዩናኑን እመርጣለሁ። የፈላ ውሃ ይችላል፣ ቢቆይም ብዙ አይከፋም፣ ሁለተኛ ውሃም ይሰጣል።

## አረንጓዴ ሻይ፦ ብዙ ሰው የሚሸሽበት

«አረንጓዴ ሻይ መራራ ነው» የሚል ሰው ብዙ ጊዜ የጠጣው በፈላ ውሃ የተቃጠለ አረንጓዴ ሻይ ነው። ይሄ ዓይነት ለውሃ ሙቀት ከሁሉም በላይ ስሱ ነው።

ቻይናና ጃፓን ኦክሲዴሽኑን የሚያቆሙበት መንገድ ይለያያል። ቻይና አብዛኛውን ቅጠል በጋለ ብረት ድስት ላይ ታምሰዋለች። ለምሳሌ ከሃንግዡ አካባቢ የሚመጣው ሎንግጂንግ ጠፍጣፋ ቅጠል ነው፤ የተቆላ ለውዝ የሚመስል ጠረን አለው። በሚያዝያ መጀመሪያ ከሚውለው የቺንግሚንግ በዓል በፊት የተቀጠፈው በጣም ይወደዳል። ለመጀመሪያ ጊዜ ከሆነ ከዚያ በኋላ የተቀጠፈው ይበቃችኋል፤ ልዩነቱን ገና አፋችሁ አይለየውም።

ጃፓን ደግሞ በእንፋሎት ትመታዋለች። ለዚህ ነው ሴንቻ ደማቅ አረንጓዴ የሚሆነውና ጣዕሙ ወደ ሣርና ወደ ባሕር አረም የሚያደላው። የወደደው ይወደዋል፤ ያልለመደው ግን «ሾርባ ነው እንዴ?» ይላል። ከመቀጠፉ በፊት ወደ ሦስት ሳምንት በጥላ የሚያድገው ግዮኩሮ ከ50 እስከ 60 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በሆነ ውሃ የሚዘፈዘፍ ውድ ሻይ ነው። መጀመሪያ የምትገዙት እሱ አይሁን።

ከጃፓን ለጀማሪ የሚሆነው ሆጂቻ ነው። የተቆላ አረንጓዴ ሻይ ነው፤ ቡናማ ሆኖ የቆሎ ጠረን ይሰጣል። ምሬቱ ጥቂት ነው፣ የፈላ ውሃም አይፈራም። ርካሽም ነው። ብዙ መመሪያ ለምን እንደሚዘለው አይገባኝም።

የአረንጓዴ ሻይ ትልቁ ጉድለት ቶሎ ማርጀቱ ነው። ከተቀጠፈ በአንድ ዓመት ውስጥ መጠጣት አለበት። ሴንቻ ፓኬቱ ከተከፈተ በኋላ በአንድ ሁለት ወር ውስጥ ቢያልቅ ይመረጣል። «በቅናሽ» ተብሎ ግማሽ ኪሎ አረንጓዴ ሻይ የሚገዛ ሰው ሩቡን ሳይጨርስ የቀረው ድርቆሽ ይሆንበታል።

## ኡሎንግ፦ ለትዕግሥተኛ

ኡሎንግ በአረንጓዴና በጥቁር መካከል ያለ ሰፊ ሜዳ ነው። በአንድ ጫፍ ቀለል ያሉት አሉ፦ የዛሬው አረንጓዴ ቲየጓንዪንና የታይዋን የከፍተኛ ተራራ ሻዮች። እንደ ጠጠር ተጠቅልለው ይመጣሉ፤ ውሃ ሲያገኙ ተዘርግተው ሙሉ ቅጠል ይሆናሉ። ጠረናቸው የአበባ ነው። በሌላው ጫፍ በደንብ የተቆሉት አሉ፤ በቻይና ፉጂያን ግዛት የዉዪ ተራራ «የአለት ሻይ» የሚባሉት። እነሱ ጥቁር፣ ጭስ ጭስ የሚሉና ወደ ካራሜል የሚያደሉ ናቸው።

ብቻውን ሻይ መጠጣት ለሚፈልግና ትንሽ ጊዜ ላለው ሰው በእኔ ሚዛን ከኡሎንግ የሚበልጥ የለም። ስህተት ይችላል። አምስት ውሃ ድረስ ይሄዳል፣ እያንዳንዱም ውሃ ጣዕሙ ይለያል። ችግሩ መነሻ ዋጋው ከፍ ማለቱና ማጭበርበር መብዛቱ ነው። በተለይ «የወተት ኡሎንግ» በሚባለው ላይ ተጠንቀቁ። ጂን ሹዋን የሚባል የታይዋን ዝርያ በተፈጥሮው ለስለስ ያለ የወተት ጠረን አለው። ገበያ ላይ ያለው ብዙው ርካሽ ግን ሽታ የተረጨበት ነው። ደረቁ ቅጠል ከሩቅ ከረሜላ ከሸተተ ተጨምሮበታል።

## ነጭ ሻይና ፑኤር በአጭሩ

ከነጭ ሻይ ሁለት ስሞች ይበቋችኋል። «ሲልቨር ኒድል» እምቡጥ ብቻ ነው፣ ውድ ነው። «ነጭ ፒዮኒ» እምቡጥና ቅጠል አብሮ ነው፤ ይረክሳል፣ ጣዕሙም ጎላ ይላል። ለጀማሪ ፒዮኒው ይሻላል። ቅጠሉ እንደ ላባ ቀላል ስለሆነ በማንኪያ መለካት አያዋጣም።

ፑኤር ከዩናን ነው። ሁለት ዓይነት ነው፦ ሼንግ (ሳይከመር በራሱ ጊዜ ቀስ ብሎ የሚበስለው) እና ሾው። ሾው በ1970ዎቹ በተስፋፋ ዘዴ በእርጥበት ተከምሮ ቶሎ የሚበስል ነው። መጠጡ እንደ ቡና ጠቁሮ የእርጥብ አፈር ጠረን ይሰጣል፣ ለመምረርም ያዳግታል። ወጣት ሼንግ ደግሞ መራራ ነው፤ ለኋላ ይቆይ። «የ30 ዓመት ፑኤር» ለሚል ጽሑፍ ተጨማሪ ገንዘብ አትክፈሉ፣ ዕድሜውን የምታጣሩበት መንገድ የላችሁም።

## ማጠቃለያ ሰንጠረዥ

| ዓይነት | የውሃ ሙቀት (ዲግሪ) | የመጀመሪያ ውሃ (ደቂቃ) | ስህተት ይችላል? | ከወተት ጋር | ስንት ውሃ | የመቆያ ጊዜ |
|---|---|---|---|---|---|---|
| ጥቁር፣ ሲቲሲ | የፈላ | 2–4 | በወተት አዎ | በጣም ጥሩ | 1 | 1–2 ዓመት |
| ጥቁር፣ ሙሉ ቅጠል | 90–100 | 3–4 | አዎ | አሳም ጥሩ፣ ሌላው አያስፈልገውም | 2 | እስከ 2 ዓመት |
| አረንጓዴ፣ የቻይና | 75–80 | 2–3 | በመጠኑ | አይሆንም | 2–3 | 1 ዓመት |
| አረንጓዴ፣ ሴንቻ | 70–75 | 1–1.5 | አይችልም | አይሆንም | 2–3 | ከ1 ዓመት በታች |
| ሆጂቻ | 90–100 | 1–2 | አዎ | ይሆናል | 1–2 | 1 ዓመት |
| ኡሎንግ፣ ቀላል | 85–95 | 2–3 | አዎ | አይሆንም | 3–5 | 1 ዓመት |
| ኡሎንግ፣ የተቆላ | 95–100 | 2–3 | አዎ | አይሆንም | 3–5 | 2 ዓመትና በላይ |
| ነጭ ፒዮኒ | 85–95 | 4–5 | አዎ | አይሆንም | 3 | 2 ዓመትና በላይ |
| ፑኤር ሾው | የፈላ | 2–4 | በጣም | ይሆናል | 5 | ብዙ ዓመት |

## ስትገዙ

ትንሽ ትንሽ ግዙ። 100 ግራም ከአንድ ዓይነት ከመግዛት 25 ግራም ከአራት ዓይነት መግዛት ብዙ ያስተምራል። ፓኬቱ ላይ ሦስት ነገር ፈልጉ፦ የተመረተበት አካባቢ፣ የተቀጠፈበት ዓመትና ወቅት፣ የቅጠሉ ዓይነት። «ንጹሕ የቻይና ሻይ» ብቻ የሚል ጽሑፍ ምንም አልነገራችሁም። የመጠቀሚያ ማብቂያ ቀንም መቼ እንደተቀጠፈ አይናገርም።

ቅጠሉን የማየት ዕድል ካገኛችሁ እጃችሁ ላይ አድርጉት። መጠኑ ተመሳሳይ ይሁን፣ ከሥር ብናኝ አይብዛ፣ ደርቆ ቀጭ የሚል ይሁን። ጠረኑ ወዲያው ካልመጣ አርጅቷል። በብርጭቆ ማሰሮ ብርሃን ላይ ተደርድሮ የሚሸጥ ሻይ ለዓይን ያምራል እንጂ ለሻዩ ጥሩ አይደለም። ብርሃን፣ አየር፣ እርጥበት፣ ሙቀትና የሌላ ነገር ሽታ አምስቱም ጠላቶቹ ናቸው። ቤት ስታስገቡትም ከቅመማ ቅመም መደርደሪያ አርቁት፣ ብርሃን በማያሳልፍና በሚገጥም ዕቃ ክደኑት።

ሽታ የተጨመረበት ሻይ ሁሉ መጥፎ አይደለም። ጥሩ የጃስሚን ሻይ ቅጠሉ ከአበባው ጋር ደጋግሞ እያደረ ጠረኑን የጠጣ ነው። ኧርል ግሬይ ቤርጋሞት በሚባል የብርቱካን ዘመድ ዘይት የሚሸት ጥቁር ሻይ ነው። ሽታው ግን የደከመ ቅጠል ሊሸፍን ስለሚችል፣ ያልተጨመረበትን ቅጠል መጀመሪያ ብትለምዱ ኋላ አትሸወዱም።

## ዕቃ

ብዙ ጀማሪ ገንዘቡን እዚህ ይጨርስና ለቅጠሉ ሳንቲም ይቆጥራል። በግልባጩ ይሁን።

በሰንሰለት የሚንጠለጠለው ድቡልቡል ማጥለያ ርካሽ ነው፣ ግን አልወደውም። ቅጠሉ የሚዘረጋበት ቦታ ያጣል፣ በተለይ ኡሎንግ። ኩባያ ውስጥ የሚገባ ሰፊ የቅርጫት ማጥለያ ዋጋው ከእሱ ብዙም አይርቅም፣ ሥራው ግን በጣም ይሻላል። አንድ ዕቃ ብቻ የምትገዙ ከሆነ እሱን ግዙ። ለሁለትና ለሦስት ሰው ማጥለያ ያለው በራድ ይመቻል። ቡና የማይሠራበት ፍሬንች ፕሬስ ቤት ካለ እሱም ያገለግላል፤ ብቻ እስከ ታች አትጭመቁት፣ ደግሞም ሻዩን ውስጡ አታቆዩት። ክዳን ያለው የቻይና ስኒ ጋይዋን ለኡሎንግና ለፑኤር ምርጥ ነው፣ ጣት ማቃጠሉን እስክትለምዱት። ከ0.1 ግራም ጀምሮ የሚመዝን ትንሽ ሚዛን ደግሞ ከውድ በራድ ይበልጥ ይጠቅማል። አንድ የሻይ ማንኪያ የተጠቀለለ ኡሎንግ 3 ግራም ገደማ ሲሆን፣ ያው ማንኪያ ነጭ ፒዮኒ 1 ግራም ላይሞላ ይችላል።

## አፈላል

ከውሃ ጀምሩ። ኖራ የበዛበት ውሃ ሻዩን ያደበዝዛል፣ ላዩም ላይ ስስ ቆዳ ይሠራል። ማንቆርቆሪያችሁ ውስጥ ነጭ ቅርፊት ካያችሁ የተጣራ ውሃ ሞክሩ፤ ለውጡን ወዲያው ታውቁታላችሁ።

ሙቀትን ያለ ቴርሞሜትር መገመት ይቻላል። የፈላ ውሃ ከአንድ ዕቃ ወደ ሌላ ቀዝቃዛ ዕቃ በተገለበጠ ቁጥር ከ5 እስከ 10 ዲግሪ ይወርዳል። ወይም ቀላቅሉ፦ ሦስት እጅ የፈላ ውሃና አንድ እጅ የሚጠጣ ቀዝቃዛ ውሃ ወደ 80 ዲግሪ ይመጣል።

ከፍታ ላይ የምትኖሩ ከሆነ አንድ ነገር ልብ በሉ። ውሃ የሚፈላበት ሙቀት በየ300 ሜትሩ በ1 ዲግሪ ገደማ ይቀንሳል። 2,400 ሜትር ላይ 92 ዲግሪ ገደማ ሲደርስ ይፈላል። ለአረንጓዴ ሻይ ይሄ ቸርነት ነው። ለጥቁርና ለፑኤር ግን በራዱን አስቀድማችሁ በፈላ ውሃ አሙቁት፣ ውሃው እንደፈላ ወዲያው አፍሱ፣ አንድ ደቂቃ ጨምሩበት።

የቀረው አጭር ነው። ቅጠሉን መዝኑ፣ ውሃውን አፍሱበት፣ ክደኑት፣ ሰዓት ያዙ፣ ጊዜው ሲደርስ ቅጠሉን ሙሉ በሙሉ አውጡት። ለሁለተኛው ውሃ ትንሽ ጊዜ ጨምሩ። ፑኤርን መጀመሪያ በፈላ ውሃ አንዴ አለቅልቃችሁ ድፉት።

ጠንከር ያለ ሻይ ስትፈልጉ ቅጠል ጨምሩ፣ ደቂቃ አታራዝሙ። ደቂቃ ሲረዝም የሚጨምረው ምሬትና አፍ ማድረቅ ነው። ሻይ ቀማሾች የሚጠቀሙበት አይኤስኦ 3103 የሚባል ዓለም አቀፍ መለኪያ አለ፤ ለ100 ሚሊ ሊትር የፈላ ውሃ 2 ግራም ቅጠል፣ 6 ደቂቃ። ያንን አትኮርጁ። እነሱ የሚፈልጉት የሻዩን ጉድለት ገልጦ ማነጻጸር ነው።

ሙቀት መቆጣጠር ለሚሰለቸው ደግሞ ቀዝቃዛ ዘዴ አለ። ለ1 ሊትር ቀዝቃዛ ውሃ ከ8 እስከ 10 ግራም ቅጠል አድርጋችሁ ፍሪጅ ውስጥ ከ6 እስከ 8 ሰዓት አቆዩት፣ ከዚያ አጥልሉት። ምሬት አይወጣም ማለት ይቻላል። በሙቅ ውሃ ያልሆነላችሁ ሴንቻ በዚህ ይድናል።

## ለማን የትኛው?

በጀቱ ጠባብ ሆኖ ወተት የሚጨምር ሰው ደህና ሲቲሲና ተራ ማጥለያ ይግዛ፣ አለቀ። ትንሽ ከፍ ማለት ከቻለ የአሳም ሙሉ ቅጠል።

ጠዋት ተቻኩሎ ብቻውን የሚጠጣ፣ ሰዓትም የማያይ ሰው የዩናን ጥቁር ወይም ሆጂቻ ይያዝ። ሁለቱም በቅርጫት ማጥለያ ይሠራሉ፣ ሙቀት መለካትም አይፈልጉም።

ቡና የሚወድና ሻይ «ቀጠነብኝ» የሚል ሰው ፑኤር ሾው ወይም የተቆላ ኡሎንግ ይሞክር። አልፎ አልፎ ብቻ ለሚጠጣ ሰውም እነዚሁ ናቸው፣ ቁም ሣጥን ውስጥ አያረጁም። ነጭ ፒዮኒም ከእነሱ ጋር ይሄዳል።

አረንጓዴ ሻይ ለጤና ብሎ የጀመረና የመረረው ሰው ሌላ ፓኬት ከመግዛቱ በፊት ያለውን በ75 ዲግሪ ለ2 ደቂቃ ይሞክረው። ያም ካልሆነለት ከሴንቻ ወደ ቻይናው የታመሰ ቅጠል ይሻገር።

ትንሽ ገንዘብና ነፃ ከሰዓት ያለው ሰው 25 ግራም ቀላል ኡሎንግና 25 ግራም የተቆላ ኡሎንግ ገዝቶ ጎን ለጎን ይዘፍዝፋቸው። ለስጦታ የሚገዛ ደግሞ የተቀባዩን አጠጣጥ ካላወቀ ከሴንቻና ከሼንግ ይራቅ፤ የዩናን ጥቁር ከአንድ የቅርጫት ማጥለያ ጋር ይስጠው።